ወሊሾ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ኅዳር ሲገባ የይርጋጨፌ አካባቢ ጓሮ ይቀላል። ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የተለቀመው እሸት ቡና በኬሻ ተጭኖ ወደ ማጠቢያው ጣቢያ ይወርዳል፤ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ መዝጋቢው ኪሎውንና ሒሳቡን ይጽፋል፤ መፈልፈያውም ሲሠራ ያመሻል። ዱመርሶ በዚህ ቡናዋ ምክንያት ስሟ ከራሷ ርቆ የተጓዘ ስፍራ ናት። ረግጠዋት የማያውቁ ሰዎች በአውሮፓና በአሜሪካ በሚሸጥ የቡና ከረጢት ላይ ስሟን በላቲን ፊደል ያነቡታል። ከስሟ ሥር ስለ ጣዕሙ አንድ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ይከተላል፤ የጃስሚን አበባ፣ ቤርጋሞት፣ ሎሚ፣ ኮክ እያለ። ያንን መስመር ከለቃሚዎቹ ስንቶቹ አንብበውታል ብለን ብንጠይቅ፣ «በጣም ጥቂት» የሚል መልስ ሳናገኝ አንቀርም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ቢያነቡትስ ምን ይሉበት ነበር?

በዚያው ሰሞን፣ እዚያው ዱመርሶ፣ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ማታ መብራት ሥር ተቀምጣ በዓይነ ኅሊናችን እንያት። ቀን ቡና ስትለቅም ውላለች፤ የእሸቱ ጭማቂ ከጣቶቿ ገና አልለቀቀም። ፊቷ ያለው ወረቀት ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ግራመር ነው፤ ባዶ ቦታ የተተወባቸው ዐረፍተ ነገሮችና ከሥራቸው አራት አራት ምርጫ። ሁለተኛው ሪዲንግ ነው፤ አንድ ፓሴጅና ከእሱ የወጡ ጥያቄዎች። ሦስተኛው ኮንቨርሴሽን ይባላል፤ ሁለት ሰዎች ስለ ዕቃ ዋጋና ስለ መላኪያ ጊዜ በስልክ ሲነጋገሩ የአንደኛው መልስ ተቆርጦ ወጥቷል፤ እሷ ትመልስለታለች። ጎበዝ ናት እንበል። ሦስቱንም ትሠራለች፤ መልሶቿም ትክክል ናቸው። በማግስቱ አባቷ ስለ ቡና ሽያጭ የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዞ ገብቶ ምን እንደሚል ቢጠይቃት፣ ያ ሁሉ ትክክል መልስ ምን ያህል ይደግፋት ይሆን? ይህን ማንሣቴ ልጅቱን ወይም መምህሯን ለመውቀስ አይደለም፤ «መለማመድ» ስንል በእርግጥ ምን እየተለማመድን እንደሆነ አብረን እንድናስብ ነው።

እንደ ዱመርሶዋ ተማሪያችን ያለ የጌዴኦ ልጅ እንግሊዝኛ ዘንድ የሚደርሰው ሌሎች ቋንቋዎችን አልፎ ነው። በቤት ጌዴኡፋ አለ፤ በገበያና በቢሮ አማርኛ አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፈተ፤ እንግሊዝኛንም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አስገባ። አፈጻጸሙ ግን ከክልል ክልል ይለያይ ነበር። ሌላ ቦታ አንድ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሊማር ሲችል፣ ጌዴኦን ያቅፍ በነበረው በደቡብ ክልል ለብዙ ዓመታት ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። አራት ዓመት ብቻ በጌዴኡፋ የተማረ ልጅ በአምስተኛው ዓመት ስለ አፈርና ስለ ቅጠል፣ ማለትም ከማንም አብልጦ ስለሚያውቀው ነገር፣ በማያውቀው ቋንቋ እንዲያስብ ተጠየቀ። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ለትምህርት ሚኒስቴር የተዘጋጀ ሰፊ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩት ልጆች በጥቅሉ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ ማሳየቱ ይታወሳል። እንግሊዝኛን ቀድሞ መጀመር እንግሊዝኛን አብልጦ ማወቅ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መጠርጠር ይቻላል።

ቁጥሮቹ ከባድ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ገደማ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4። የዚህን ሁሉ ሰበብ በቋንቋ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ጦርነትም፣ ወረርሽኝም፣ የትምህርት ቤቶች ድህነትም፣ የፈተናው አሰጣጥ መለወጥም አሉበት። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ማለት አይከፋም፤ የሒሳቡም፣ የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ወደ ትምህርቱ ከመግባቱ በፊት ጥያቄውን ማንበብና መረዳት አለበት። እንዲህ ካየነው «ሪዲንግ» ከእንግሊዝኛው ፈተና አንድ ክፍል ብቻ አይደለም፤ በሁሉም ፈተና ደጃፍ የቆመ ሌላ ፈተና ነው።

ወደ ግራመሩ እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚደክመውም፣ እኔ በግሌ የምወደውም እሱን ነውና። እኛ ለግራመር ያለን ቃል ሰዋስው ነው። ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት ነው። ሊቃውንቱ የቋንቋን ሥርዓት በመሰላል መሰየማቸው ብዙ የሚያሳስብ ስም ይመስለኛል፤ መሰላል የሚሠራው ሊወጡበት ነውና። አንድ ሰው መሰላሉን ጠራርጎ፣ ደረጃዎቹን ቆጥሮ፣ የእያንዳንዱን ስም በቃሉ ይዞ ምንም ላይ ሳያስደግፈው ቢቀር ደከመ እንጂ ወጣ አንለውም። በትምህርት ቤት የምናውቀው ልምምድ ብዙ ጊዜ የደረጃዎቹን ስም መቁጠር ነው። ፓስት ፐርፌክት፣ ኮንዲሽናል፣ ፓሲቭ ቮይስ እያልን ስሞቹን እንይዛለን። ስሞቹ ከንቱ አይደሉም፤ ግን መሰላሉ የት ተደግፏል?

ለዚህ አንድ ምሳሌ ላንሣ። ተማሪዎችን ከሚያስፈሯቸው የእንግሊዝኛ ሥርዓቶች አንዱ ሦስተኛው ኮንዲሽናል ነው፤ ያልሆነን ነገር ሆኖ ቢሆን ኖሮ ብሎ ማሰብ። ቀመሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ይገለበጣል፤ ይሸመደዳል። ነገር ግን ቡናውን አስቀድሞ የሸጠ አንድ ገበሬ ገበያው በሁለተኛው ሳምንት ሲወደድ ምን ይላል? «እንደሚጨምር ባውቅ ኖሮ ጀንፈሉን አልሸጥም ነበር።» ሦስተኛው ኮንዲሽናል ከነሙሉ ጸጸቱ እዚህ አለ። «ኖሮ» የምትለዋ ቃል፣ ቀመሩ በብዙ ድካም ሊያስረዳ የሚሞክረውን የማይመለስ ጊዜ ትይዛለች። «ሸጥኩ»፣ «ሸጫለሁ»፣ «ሸጬ ነበር» የሚሉት ሦስቱም ያለፈን ድርጊት ይናገራሉ፤ ግን አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸውንም አማርኛ የሚያውቅ ልጅ ሁሉ ሳይነገረው ይሰማዋል። የእንግሊዝኛው ጊዜያት ከእነዚህ ጋር ልክ በልክ ይገጥማሉ ማለቴ አይደለም፤ አይገጥሙም። ያም ቢሆን ልጁ ባዶ እጁን እንዳልመጣ ቢነገረው፣ ባዕድ መስሎት የፈራውን ሐሳብ አያቱ በየዕለቱ የምትናገረው እንደሆነ ቢያይ፣ ፍርሃቱ የሚቀልለት ይመስለኛል። የዱመርሶዋ ተማሪያችን የመጀመሪያ ቋንቋ ጌዴኡፋ እንደመሆኑ ንጽጽሩ ከዚያ ቢጀመር ደግሞ የተሻለ ነው። ዲላ ከተማ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በውስጡም ጌዴኡፋን ተናግረው ያደጉ፣ እንግሊዝኛን የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንድ ቀጭን የመልመጃ መጽሐፍ ከእነሱ መጠበቅ የበዛ ምኞት አይመስለኝም።

የቤተ ክህነቱ ትምህርት ደግሞ ሌላ የሚያስታውሰን ነገር አለው። ግእዝ ለብዙ መቶ ዓመታት በማንም ቤት ያልተነገረ ቋንቋ ነው። የቅኔ ተማሪ ግን ግስ አጥንቶ፣ ሰዋስው ተምሮ አያበቃም፤ ሌሊት ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቆማል። መምህሩ ያርመዋል፤ ሲሳካለትም ያመሰግነዋል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። የእናቱ ባልሆነ ቋንቋ ትናንት ያልነበረ ነገር መናገር ይለማመዳል ማለት ነው። ባዶ ቦታ መሙላትና አዲስ መፍጠር ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ይህ ሥርዓት በአብዛኛው የሰሜኑ አገር እንደሆነ፣ ለጥቂቶች እንጂ ለሚሊዮኖች እንዳልተዘጋጀ፣ ረኀብና ስደት እንደነበረበትም አልዘነጋሁም። ወደ ዱመርሶ እንዳለ ይተከል አልልም። እንግሊዝኛን ከእንግሊዞች ብቻ እንድንማረው የሚያስገድደን ነገር እንደሌለ ግን ያሳስበናል፤ ባዕድ ቋንቋን የመማር የራሳችን የቆየ ልማድ አለና።

ንባብንም እንዲሁ ብናየው ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በዚያው በድሮው ትምህርት ንባብ ቤትና ትርጓሜ ቤት ለየብቻ ናቸው። አንድ ሰው አቀላጥፎ አንብቦ ትርጓሜ ሳያውቅ ሊቀር እንደሚችል ሥርዓቱ ራሱ ያምናል። ትርጓሜ ቤት የገባው ደግሞ «አንድም» የምትለዋን ቃል ይማራል፤ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያለ የአንዱን ዐረፍተ ነገር ብዙ በር ይከፍታል። በአራት ምርጫ የሚፈተን ንባብ በአንጻሩ ሦስቱን በር ዘግቶ አንዱን ብቻ ይተዋል። ለፈተና አራሚ ይህ ሳያስፈልግ አይቀርም። ሆኖም ጥያቄው ሁልጊዜ ከሌላ ሰው እየመጣለት ያደገ አንባቢ ለራሱ ጥያቄ ማውጣትን መቼ ይማራል? አንድን ጽሑፍ መረዳት የሚጀምረው «ይህ ሰው ይህን ለምን ጻፈልኝ? ያልጻፈውስ ምንድን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ይመስለኛል፤ ይህን ጥያቄ ደግሞ ማንም በምርጫ መልክ አያቀርብልንም።

ቀላል የሚመስል አንድ የሽያጭ ውል እንውሰድ። በቡና ንግድ ውስጥ የተለመደ አንድ ሐረግ አለ፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ናሙናው ካልጸደቀ ሽያጭ የለም» ይሆናል። በእንግሊዝኛ አራት ቃላት ናቸው፤ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉንም ያውቃቸዋል። ትርጉማቸው ግን ከቃላቱ በላይ ነው፤ ገዢው ናሙናውን ቀምሶ «አልተስማማኝም» ካለ ሻጩ የተዘጋጀ ቡናውን ታቅፎ ይቀራል ማለት ነው። ከዚያው ውል ውስጥ «ሜይ» እና «ሻል» የሚሉትን ሁለት ትንንሽ ቃላት እንይ። በግራመር ሰዓት ሞዳል ቨርብ ተብለው አብረው ይዘረዘራሉ፤ በውል ላይ ግን አንደኛው ፈቃድ ነው፣ ሌላኛው ግዴታ። ገዢው ዕቃውን በሠላሳ ቀን ውስጥ ሊረከብ «ይችላል» ከተባለና ሊረከብ «ይገባዋል» ከተባለ በመካከሉ የአንድ ዓመት የቤተሰብ ገቢ ሊያድር ይችላል። ሰዋስውና ንባብ እዚህ ላይ ሁለት የትምህርት ክፍሎች መሆናቸው ይቀራል። መሰላሉ ግድግዳውን ያገኘው እዚህ ነው ማለት ይቻላል።

አገራችን ይህን ልዩነት በትልቅ ጉዳይ ላይ የተረዳችበት ጊዜ ነበር፤ ያም ጉዳይ የይርጋጨፌን ስም የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት በአሜሪካ አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር የሐረርንና የሲዳሞን ማመልከቻ ተቃወመ። ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ በበኩሉ ስሞቹ የመልክዓ ምድር ምስክርነት ምልክት ሆነው ቢመዘገቡ ይሻላል የሚል አቋም ያዘ። ለጆሮ ሁለቱ አገላለጾች ተቀራራቢ ናቸው፤ ሁለቱም ስምን ስለ መጠበቅ ያወራሉ። በጌታቸው መንግሥቴ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤትና ከጎኑ የቆሙት የውጭ አማካሪዎችና ጠበቆች ግን ልዩነቱን አጥርተው አነበቡት። የምስክርነት ምልክት ከሆነ ከእያንዳንዱ ጓሮ የሚወጣውን ቡና መከታተልና መመስከር ይጠይቃል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች በትንንሽ ማሳ ለሚያመርቱበት አገር ይህ የማይቻል ሸክም ነው። የንግድ ምልክት ከሆነ ስሙ የአገሪቱ ይሆናል፤ በስሙ መጠቀም የሚፈልግም ፈቃድ ይጠይቃል። ይርጋጨፌ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አጋማሽ ላይም ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ገበሬው ከዚያ በኋላ ምን ያህል ተጠቀመ የሚለው የራሱ ክርክር አለው፤ ከፊርማው የተጠበቀው ሁሉ ደርሶታል ለማለት አልደፍርም። ለያዝነው ሐሳብ ግን ጉዳዩ ትልቅ ሪዲንግ ነበር። ጥያቄውን ያወጣው ሌላ ወገን ነበር፤ ምርጫውንም አቅርቦ ነበር። የእኛዎቹ ከቀረበው ምርጫ አልመረጡም፤ ጥያቄው ራሱ ሌላ መሆን አለበት አሉ።

የንግድ ንግግር፣ በተለምዶ ቢዝነስ ኮንቨርሴሽን የምንለው፣ ከሁሉ ይበልጥ የተቸገርንበት ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ነገር ሲወራ ባህላችን ዙሪያ ጥምጥም ስለሚወድ ፍሬ ነገሩን ቶሎ የመናገር ልማድ የለንም የሚሉ ሰዎች እሰማለሁ። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የአማርኛ የቢሮ ደብዳቤ ከላይ «ጉዳዩ፦» ብሎ ነው የሚነሣው፤ ሰላምታ ሳያበዛ የተጻፈበትን ምክንያት በአንድ መስመር አስቀምጦ ያልፋል። ፈረንጆቹ ለነጋዴ የሚያስተምሩት አጻጻፍ ከዚህ የሚርቅ አይደለም። ችግሩ ያለው አፍ ለአፍ ስንነጋገር ይመስለኛል። «አይሆንም» ማለት ሲከብደን «እስቲ እናያለን» እንላለን፤ «ችግር የለም» እንላለን፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» እንላለን። ከእኛ መካከል ያደገ ሰው ከድምፃችን ለዛ ይረዳዋል። በስልክ ማዶ ያለው ገዢ ግን «ችግር የለም» የተባለውን ቃል በቃል ይዞ መርከብ ይጠባበቃል። ሌላም አለ፤ አማርኛም ጌዴኡፋም ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያኖሩ ቋንቋዎች ናቸው። ሰሚያችን ነገሩ ሆነ ወይስ አልሆነ የሚለውን ለማወቅ እስከ መጨረሻው ይታገሠናል። እንግሊዝኛ ግሱንና እምቢታውን ቀድሞ ያወጣል። ይህን ልዩነት ማወቅ ሥነ ምግባርን መለወጥ አይጠይቅም፤ ጨዋነቱን ይዞ ቃሉን ቀደም ማድረግ የሚቻል ነገር ነው።

«አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» እየለየ ያደገ ሰው ሁሉን በአንድ ቃል የሚጠራ ቋንቋ ሲያጋጥመው መጀመሪያ ጭንቅ ይይዘዋል፤ አክብሮቱን የት እንደሚያኖረው ይጠፋዋል። ይህ ጭንቀት በመልመጃ መጻሕፍት ውስጥ ሲነሣ አላየሁም፤ ልጆቻችን ግን አፋቸው የሚያያዘው ቃል አጥተው ብቻ ሳይሆን ባለጌ መስለው እንዳይታዩ ሰግተው ጭምር ይመስለኛል። የሚያጽናናው ግን በቡናው ንግድ ላይ የምናገኘው እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ የሌለበት ቤት መሆኑ ነው። ቡናችንን ከሚገዙት መካከል ጀርመን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጃፓንና ደቡብ ኮርያ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። የጃፓኑ ቀማሽና የዲላው ነጋዴ ሲነጋገሩ ቋንቋው ለሁለቱም እንግዳ ነው፤ ሁለቱም ይሰናከሉበታል። አንዱ ሌላውን የሚያርምበት ሥልጣን የለውም። ደግሞም ይህ ቋንቋ ለዘላለም የተሰየመ አይደለም። ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር ዋናው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ የጅቡቲውም ባቡር የሚናገረው ያንኑ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በቦታው እንግሊዝኛ ተተካ። ቋንቋዎች ከንግድና ከኃይል ጋር ይመጣሉ፤ ከንግድና ከኃይልም ጋር ይሄዳሉ። የምንማረው ልናመልከው ሳይሆን በዘመናችን ገበያ ላይ የእኛን ልንናገርበት እንደሆነ ማስታወስ ልብን ሳያበረታ አይቀርም።

«የእኛን» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ቃል ላስረዳ። ቡና ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ማለፍ ሲጀምር የአንዱ ጣቢያ ቡና ከሌላው ጋር በደረጃ ተደባልቆ ይሸጥ ስለነበር የጣቢያው ስም በመንገድ ይቀር ነበር። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን እንደ ሌሎቹ ዩኒየኖች በቀጥታ የመላክ ዕድል ነበረው፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ደግሞ ለሌሎችም በሩን ሰፋ አደረገው። ስለዚህ አሁን እንደ ዱመርሶ ያሉ ስሞች ከቡናው ጋር ባሕር ይሻገራሉ። ከስሙ ሥር ግን የቡናው ዝርያ የሚጻፍበት መስመር አለ፤ በዚያ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲጻፍ የኖረው «ኤርሉም» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ፣ የቆየ ዘር ማለት ነው። የሚያምር ቃል ነው፤ ሐሰትም አይደለም። የጌዴኦ ገበሬ ግን ጓሮው ያለውን ቡና በአንድ ስም አይጠራም። ፍሬው ደቀቅ የሚለው ኩሩሜ አለ፤ ፍሬው ጎላ ጎላ የሚለው ወሊሾ አለ፤ ደጋም አለ። እነዚህ ስሞች አያቶቹ ያወጡለት፣ ዛፉን ከቅጠሉና ከፍሬው እያየ የሚለይባቸው ናቸው። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ሦስቱንም ሸፍኗቸው ኖረ። ጌቱ በቀለ የተባለው የቡና ተመራማሪ ከቲም ሂል ጋር ስለ ኢትዮጵያ የቡና ዝርያዎች የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ እነዚህ ስሞች በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ በወግ ሰፈሩ፤ ዛሬ ኩሩሜና ወሊሾ ብለው የሚጽፉ የውጭ ነጋዴዎችን ማግኘት አይገርምም። ያንን ያደረገው ሰው በጥሩ እንግሊዝኛ ብቻ አይመስለኝም ያደረገው። ቃሉን አስቀድሞ ከገበሬው ሰምቶ ነው።

ጌዴኦ ለመስማት የሚሆን ቦታም አለው። በሶንጎ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጉዳይ ያያሉ፤ ሰው ሲናገር ይሰማል፤ ነገር ይመረመራል። ተማሪያችን እዚያ ዳር ቆማ የሰማችው ክርክር፣ መልመጃዋ ላይ ካለው የሁለት ሰዎች የስልክ ንግግር የበለጠ የንግግር ትምህርት ሊሆናት እንደሚችል እገምታለሁ። ሶንጎው ያለበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ ከነእንሰቱና ከነቡናው፣ ከነትክል ድንጋዮቹ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ቡና ከደን ጭፍጨፋ ነጻ መሆኑን በየማሳው መገኛ ማስረጃ እንዲቀርብበት የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ቡናን በዛፍ ጥላ ሥር ሲያሳድግ የኖረ ሕዝብ ዛፍ አለመቁረጡን በባዕድ ቋንቋ ቅጽ ሞልቶ እንዲያስረዳ መጠየቁ ከባድ ነው፤ ግን ተጠይቋል። ቅጹን ማን ያነበዋል? ማንስ ይሞላዋል? ምናልባት ያቺው ልጅ።

እንግዲህ ወደ እሷ ወረቀት ስመለስ፣ መልመጃው ይቅር ለማለት አልችልም። ባዶ ቦታ መሙላትም ልምድ ነው፤ ፓሴጁም ስለ ሩቅ አገር ቢሆን ክፋት የለውም፤ ሩቁን ማንበብ ያሰፋልና። ፈተናውን ማለፏም ቀላል ነገር አይደለም። የምመኘው፣ ካልተሳሳትኩ፣ ከሦስቱ ክፍሎች ቀጥሎ አንድ ባዶ ገጽ እንዲጨመርላት ነው። በዚያ ገጽ ላይ ስለ አባቷ ቡና ለአንድ ለማታውቀው ገዢ ደብዳቤ ትጽፍ ይሆናል። ግሱ ይሳሳታት ይሆናል፤ መምህሯ ያርማታል። ዝርያ የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን ይዛ ትንሽ ታስባለች፤ መዝገበ ቃላት ብትገልጥ ቃሉን አታገኘውም። ከዚያም «ወሊሾ» ብላ እንዳለ ትጽፈዋለች ብዬ አስባለሁ። በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው ደብዳቤውን ሲያነብ እዚያ ቃል ላይ ይቆማል፤ ምን ማለት እንደሆነም ይጠይቃታል።